«ዶክተር፣ ኢሚዩኒቲ የሚጨምር ነገር የለም ወይ?»



ኅዳር ከገባ ወዲህ ኢንቦክሴን የሞላው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ዶክተር፣ ለጉንፋን ኢሚዩኒቲ የሚጨምር ነገር ንገረን»። አንዱ የቪታሚን ብልቃጥ ፎቶ ይልክልኛል፣ ሌላዋ ከውጭ የመጣ «የሳንባ ማጽጃ» የሚባል ሽሮፕ ትልካለች። አንድ ወንድማችን ደግሞ ሰሞኑን ዜና ልኮልኝ «በአፍንጫ የሚነፋ፣ የሳንባን መከላከያ ቀስቅሶ ኢንፍሉዌንዛን የሚያስቆም መድኃኒት ተገኘ ይላል። እውነት ነው? የት ይገኛል?» አለኝ። የዛሬው ጽሑፍ ለእሱ የምሰጠው መልስ ነው። ትንሽ ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

መልሱን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ሐሳቡ እውነት ነው፣ ሳይንሱም ደስ ይላል፤ መድኃኒት ቤት ሄዳችሁ የምትገዙት ነገር ግን የለም። «እኔ ጋ አለ» የሚላችሁ ካለ ገንዘባችሁን ያዙ።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ ልክ በዚህ ወቅት፣ ዕድሜያቸው 60ዎቹ ውስጥ የሆኑ እናት ድንገተኛ ክፍል መጡ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንጀራ ጋግረው እየሸጡ፣ በእንጨትና በቅጠል እየማገዱ፣ ልጆቻቸውን ያሳደጉ ናቸው። ሲጋራ አጭሰው አያውቁም፤ ሳንባቸው ግን የዕድሜ ልክ አጫሽ ሳንባ ይመስል ነበር። «ጉንፋን ነው» ብለው አራት ቀን ቤት ተኝተው ቆይተዋል። ሲደርሱ የኦክስጅን መጠናቸው 74 ነበር። የኢንፍሉዌንዛ ምርመራው ፖዘቲቭ ሆነ፤ በላዩ ላይ በባክቴሪያ የሚመጣ የሳንባ ምች ተጨምሮበታል። «የምትወስደው መድኃኒት ካለ አሳዪኝ» ስላት ልጃቸው አንድ ፌስታል ገለበጠችልኝ። ሰባት ብልቃጥ ቆጠርኩ። ሁሉም ላይ «ኢሚዩን» የሚል ቃል አለበት። አሜሪካ ያለው ወንድሟ በሰው በሰው የሚልከው ነው።

በስድስተኛው ቀን አረፉ። ልጃቸው ከአሜሪካ ደውሎ ሲያለቅስ ቆየና «ዶክተር፣ ምን ያልላኩላት ነገር ነበር?» አለኝ። ምንም አልመለስኩለትም። በዚያ ሰዓት ምን ይባላል? ወደዚህ ጥያቄ በኋላ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ ሳንባ እንግባ። ሰውነታችን ሁለት ዓይነት ጥበቃ አለው። አንደኛው አብሮን የሚወለደው ነው፤ እንደ ግቢ ዘበኛ ቁጠሩት። ዘበኛ ሌባውን በስም አያውቀውም፣ ፎቶውንም አላየም፤ በአጥር የሚዘል ሰው ካየ ግን ይጮሃል፣ ዱላውን ያነሳል። ሁለተኛው እንደ መርማሪ ፖሊስ ነው። ፎቶና አሻራ ይዞ ያንኑ ሌባ ብቻ ለይቶ ያድናል። ፀረ እንግዳ አካላት የምንላቸው እዚህ ውስጥ ናቸው፣ ክትባት የሚያሠለጥነውም በዋናነት እነሱን ነው። ፖሊሱ ጎበዝ ነው፣ ችግሩ ቀናት ይፈጅበታል። ኢንፍሉዌንዛ ደግሞ ቀናት አይጠብቅም፣ አንድ ሴል ውስጥ ገብቶ በሰዓታት ውስጥ ይባዛል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ቀናት የሚይዝልን ዘበኛው ነው።

ሳንባ ላይ ዘበኛው ብዙ መልክ አለው። ከላይ የሚያጣብቅ ንፍጥና አክታ አለ። ከሥሩ ጸጉር መሰል ነገሮች በሰከንድ ከ10 ጊዜ በላይ እየተወዛወዙ ቆሻሻውን ወደ ጉሮሮ ይገፋሉ፤ ሳናውቀው እንውጠዋለን። ታች፣ አየር ከረጢቶቹ ውስጥ፣ ማክሮፋጅ የሚባሉ ነጭ ሴሎች እየዞሩ ያገኙትን ይበላሉ። ከሁሉም የሚገርመኝ ግን ኢንተርፌሮን ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 አሊክ አይዛክስ እና ዣን ሊንደንማን የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ለንደን ውስጥ፣ የዶሮ እንቁላል ሽፋን ላይ፣ በራሱ በኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ሲሠሩ ነው ያገኙት። በቫይረስ የተነካ ሴል ለጎረቤቶቹ «በሩን ዝጉ!» የሚል መልእክት ይለቃል። ጎረቤቶቹም ቫይረሱ ሳይደርስ በራቸውን ይቆልፋሉ። እሱ መልእክት ነው ኢንተርፌሮን።

ይህ ዘበኛ ቢተኛ ምን ይሆናል? እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ጥናት ተራ ኢንፍሉዌንዛ ይዟት ለሞት የተቃረበች ትንሽ ልጅን ጉዳይ ዘግቧል። ሌላ ምንም በሽታ የለባትም። ሲመረመር፣ አይአርኤፍ7 የሚባለው፣ ኢንተርፌሮን እንዲመረት የሚያዝዘው ጂን ከእናትም ከአባትም የተበላሸ ሆኖ ተገኘ። አንድ ጂን ብቻ! ታዲያ ተመራማሪዎች «ይህን ዘበኛ ከሌሊቱ በፊት ቀስቅሰን ብናቆመውስ?» ብለው ቢያስቡ ይገርማል?

ከሞከሩት መካከል በጣም የምከታተለው ቴክሳስ፣ ሂዩስተን፣ ኤምዲ አንደርሰን የካንሰር ማዕከል ውስጥ የተጀመረውን ሥራ ነው። መነሻቸው የደም ካንሰር ሕመምተኞች ነበሩ። በኬሞቴራፒ ነጭ የደም ሴላቸው አልቆ በሳንባ ምች የሚሞቱ ሰዎች ማለት ነው። ለአይጦች የተፈጨ የሞተ ባክቴሪያ በአየር እንዲተነፍሱ ሰጧቸው፣ ከዚያ በሚገድል መጠን በሽታ አስያዟቸው። ያልተሰጣቸው ሲሞቱ የተሰጣቸው አብዛኞቹ ተረፉ። ቀጥሎ ባክቴሪያውን ትተው፣ የሳንባ ሴል «ሌባ!» ብሎ የሚነቃባቸውን ሁለት ቁልፎች ብቻ የሚነኩ ኬሚካሎች አንድ ላይ ቀላቀሉ። ድብልቁ ፑል-042 ይባላል። ኢንፍሉዌንዛ ላይም በአይጥ ሠርቷል። ደስ የሚለው ነገር ምን መሰላችሁ? የተዋጋው በዋናነት የሳንባው ግድግዳ ራሱ እንጂ ከደም የሚመጣ ሠራዊት አልነበረም። ግድግዳው ራሱ ጦር ያነሳል! ጥበቃው ግን የሚቆየው ለቀናት ነው። በየጊዜው መድገም ይጠይቃል። አውስትራሊያ ውስጥም በአፍንጫ የሚነፋ ተመሳሳይ ነገር በሰው ላይ ተሞክሯል። እስካሁን ግን ከእነዚህ አንዱም ኢንፍሉዌንዛን ለመከላከል ተፈቅዶ ገበያ ላይ አልዋለም።

«ለምን ይዘገያል?» ብትሉኝ፣ ዘበኛን መቀስቀስ ቀላል አይደለም። ሁለት ታሪክ ልንገራችሁ። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኢንተርፌሮንን በአፍንጫ ስፕሬይ ለሰው ሞክረው ነበር። ተራ ጉንፋን የሚያመጣውን ራይኖቫይረስ በእርግጥም ከለከለ። ችግሩ፣ ለሳምንታት የተጠቀሙት ሰዎች አፍንጫቸው ተቆጣ፣ ተዘጋ፣ ደማ። ጉንፋንን ለመከላከል ብሎ ጉንፋን የመሰለ ነገር መግዛት ሆነ፤ ቀረ። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. የ2020 ነው። ለንደን የሚገኘው የክሪክ ተቋም ተመራማሪዎች እና ሌሎችም በአይጥ እንዳሳዩት፣ ኢንተርፌሮን ዘግይቶና ለረጅም ጊዜ ሲፈስ የተጎዳው የሳንባ ግድግዳ እንዳይጠገን ያደርጋል። ከሌባው በፊት የነቃ ዘበኛ ግቢ ያድናል። ሌባው ከገባ በኋላ በጨለማ ዱላ የሚወራወር ዘበኛ ግን የቤቱን ሰው ይመታል።

«ኢሚዩኒቲ ጨምርልኝ» ስትሉኝ ፊቴን የማጨማድደው ለዚህ ነው። ኢሚዩኒቲ እንደ ድምፅ ወደ ላይ ብቻ የሚዞር ነገር አይደለም። በከባድ ኢንፍሉዌንዛ ሰው የሚሞተው ብዙ ጊዜ መከላከያው አንሶ ብቻ ሳይሆን፣ ከልኩ አልፎ ሳንባውን በእብጠትና በፈሳሽ ሞልቶት ነው።

እስቲ ቢሲጂንም ላንሳ፣ ብዙዎቻችሁ ስለምትጠይቁኝ። ክንዳችን ላይ ያለችው ጠባሳ ማለቴ ነው። ኔዘርላንድስ ውስጥ ሚሃይ ኔቴያ እና ባልደረቦቹ ይህ የቲቢ ክትባት ዘበኛውንም «እንደሚያሠለጥን» አሳይተዋል፤ ያልተጠበቀ ግኝት ነበር። ኮቪድ ሲመጣ «ኢትዮጵያውያንን ያዳነን ቢሲጂ ነው» ተባለ፣ እኔም ልቤ ተመኝቶ ነበር። ከአውስትራሊያ የተመራው፣ በሺዎች የሚቆጠሩ የጤና ባለሙያዎችን ያካተተው ትልቅ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2023 ሲታተም ግን ቢሲጂ ኮቪድን አልቀነሰም። በቃ። ለሕፃን ልጃችሁ ስጡ፣ ለቲቢ ወሳኝ ነው፤ ለጉንፋን ብላችሁ ግን እንዳትፈልጉት።

ቪታሚን ሲ? ተራው ሰው በየቀኑ ቢወስደው ጉንፋን የሚይዘውን ድግግሞሽ አይቀንስም፤ ከያዘው በኋላ ጊዜውን በጥቂቱ ያሳጥራል። ብርቱካን ብሉ፣ ይጣፍጣል።

መታጠን ላይ ግን ይቅርታ መጠየቅ አለብኝ። በኮቪድ ጊዜ እዚሁ ገጽ ላይ «ባሕር ዛፍ መታጠን ባይጠቅምም አይጎዳም» ብዬ ጽፌ ነበር። ተሳስቻለሁ። ከዚያ በኋላ የፈላው ድስት ጭኗ ላይ የተገለበጠባት የሦስት ዓመት ሕፃን አክሜያለሁ። እንፋሎት ቫይረስ አይገድልም፣ ዘበኛውንም አይቀሰቅስም። ልጆች ባሉበት በጭራሽ አታድርጉት። ዳማከሴውን በሻይ ጠጡት፣ ማንም አይከለክላችሁም።

አሁን ወደ ዋናው አቋሜ ልምጣ፣ አንዳንዶቻችሁን ሊያስቀይም ይችላል። እኛ ዘበኛውን የሚቀሰቅስ ስፕሬይ እየፈለግን፣ ያለንን ዘበኛ በየቀኑ በጭስ እያፈንን ነው።

ኅዳር 12 እየመጣ ነው። ኅዳር ሲታጠን ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ፤ በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን የመታው የኅዳር በሽታ መታሰቢያ ነው። ያ በሽታ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ነበር። ተፈሪ መኮንንም ታመው በፈጣሪ ቸርነት የተረፉበት ነው። በዚያን ጊዜ ቫይረስ ምን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም፤ ሰው ሰፈሩን ጠርጎ ቆሻሻውን ማቃጠሉ በነበረው እውቀት ልክ ትክክለኛ ጥረት ነበር። አያቶቼን አከብራለሁ። ጽዳቱንም እወደዋለሁ፣ ጎረቤት አንድ ላይ መጥረጊያ ይዞ የሚወጣበት ቀን ብርቅ ነው። ግን እነሱ ያቃጠሉት ቅጠልና ጨርቅ ነበር። እኛ የምናቃጥለው ፌስታል፣ ፕላስቲክ፣ የመኪና ጎማ ነው። የኢንፍሉዌንዛ መታሰቢያን፣ ኢንፍሉዌንዛ በሚዛመትበት ወቅት፣ ለኢንፍሉዌንዛ በር የሚከፍት ጭስ አጭሰን እናከብራለን። በማግስቱ የሚመጣልኝን የአስም ሕመምተኛ ብዛት እኔ ነኝ የማውቀው። ጠርገን ማቃጠሉን ብንተወውስ?

ጭስ ምን ያደርጋል? እነዚያን ጸጉር መሰል ነገሮች ያደክማቸዋል፣ አንዳንዴም ያረግፋቸዋል። ማክሮፋጆቹ ጥቀርሻ በልተው ይጠግባሉ፤ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ውስጣቸው ጥቁር ነው። ጥቀርሻ የጠገበ ዘበኛ ባክቴሪያ ሲመጣ በደንብ አይበላም። ይህ ግምት እንዳይመስላችሁ አንድ ቁጥር ልስጣችሁ። እ.ኤ.አ. በ1982 የታተመ ጥናት ነው፤ አንድ የእስራኤል ጦር ክፍል ውስጥ ኢንፍሉዌንዛ ገብቶ 336 ጤነኛ ወጣት ወታደሮች ተጠኑ። ምግባቸው አንድ፣ መኝታቸው አንድ። ከአጫሾቹ 68.5 በመቶ ታመሙ፣ ከማያጨሱት 47.2 በመቶ። ሺሻ ቤት ለምትሰበሰቡ ወጣቶች ይህን ሁለቴ አንብቡልኝ፤ እዚያ በጭሱ ላይ የጋራ መምጠጫም አለ።

ወደ እንጀራ ጋጋሪዋ እናት ልመለስ። ልጃቸው ያልላከው ምን ነበር? አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ። እንዲያውም ከሰባቱ ብልቃጥ ዋጋ ያነሰ ሊሆን ይችላል። ይህን የምጽፈው እሱን ለመውቀስ አይደለም፤ ያወቀውን ሁሉ አድርጓል። የነገረው ሰው አልነበረም፣ እኔን ጨምሮ። እናቱ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ለሳል የጤና ተቋም ሄደው ነበር። ሽሮፕ ተሰጥቷቸው ተመልሰዋል። «በምንድን ነው የሚጋግሩት?» ብሎ የጠየቃቸው የለም። እኛ ሐኪሞች ስለ ሲጋራ እንጠይቃለን፣ ስለ ምድጃ ግን እንረሳለን።

«መብራት ሲሄድስ?» ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ። ደግሞም የአንድ ቤት ምድጃ ብቻ መለወጡ በቂ ላይሆን ይችላል። ማላዊ ውስጥ ከ10,000 በላይ ሕፃናት ያሉባቸው ቤተሰቦች ተጠንተው፣ የተሻሻለ ምድጃ የተሰጣቸው ቤቶች የልጆቻቸው የሳንባ ምች አልቀነሰም። ምድጃው እንጨት ማቃጠሉን አልተወም፣ ሰፈሩም ቆሻሻ ማቃጠሉን አልተወም። ስለዚህ «ምጣድ ግዙና ዳኑ» አልላችሁም። ግን ማገዶው ደጅ ይሁን፣ መስኮት ይከፈት፣ ሕፃን ታዝሎ አይጋገር። ዕጣኑም በተዘጋ ክፍል ከሰል ላይ ሲጨስ ልክ እንደ ማንኛውም ጭስ ነው። ቡናውን አልነካሁም!

ክትባቱስ? የኢንፍሉዌንዛ ክትባት በየዓመቱ ይታደሳል፣ ምክንያቱም ቫይረሱ መልኩን ይቀያይራል። ከሚዛመተው ዝርያ ጋር በደንብ በሚገጥምበት ዓመት ታሞ ሐኪም ጋ የመሄድን ዕድል ከ40 እስከ 60 በመቶ ይቀንሳል። ሙሉ አይደለም፤ ግን ፌስታሉ ውስጥ ከነበሩት ሰባት ብልቃጦች አንዱም ወደዚህ አይጠጋም። እኛ አገር በመደበኛው የክትባት ፕሮግራም ውስጥ የለም፣ የሚገኘው በአንዳንድ የግል ጤና ተቋማት ነው። ይህ ያናድደኛል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው ወቅታዊ ኢንፍሉዌንዛ በየዓመቱ ከ290,000 እስከ 650,000 ሰው በመተንፈሻ አካል ሕመም ይገድላል። እርጉዞች፣ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች፣ አረጋውያን፣ አስም፣ ስኳርና የልብ ሕመም ያለባቸው ካገኛችሁ ተከተቡ። አሜሪካ፣ አውሮፓ፣ እስራኤል ያላችሁ ደግሞ ብዙዎቻችሁ በነፃ ወይም በትንሽ ገንዘብ ታገኙታላችሁ። ታኅሣሥ ላይ ወደ አገር ቤት ከመብረራችሁ ሁለት ሳምንት በፊት ውሰዱ። ለእናታችሁ ከምታመጡት ስጦታ ሁሉ፣ ቫይረሱን አለማምጣት ይበልጣል።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላም የሳንባ ስፕሬዩን ሐሳብ አልጣልኩትም። እንዲያውም እንደኛ ላለ አገር ነው የምመኘው። ኮቪድ ሲመጣ የመጀመሪያው ሕመምተኛ አዲስ አበባ የተገኘው በመጋቢት 2012 ነበር፤ ክትባት መስጠት የጀመርነው ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በመጋቢት 2013። ሌላው ዓለም ቀድሞ ወስዶ እኛ ሰልፍ ላይ ነበርን። አዲስ ኢንፍሉዌንዛ ቢነሳም እንደዚያው ነው የሚሆነው። ዝርያ የማይመርጥ፣ መጋዘን ተቀምጦ የሚጠብቅ፣ ለነርሶችና ለሐኪሞች የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት የሚያሻግር ስፕሬይ ቢኖር ድንገተኛ ክፍል ውስጥ የመጀመሪያው ተሰላፊ እኔ ነኝ። ሙከራዎቹ ሲሳኩ እዚሁ ገጽ ላይ እነግራችኋለሁ። እስከዚያ ግን ተኙ፤ በቀልድ አይደለም የምለው። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣ ጥናት፣ ፈቃደኛ ሰዎች አፍንጫ ውስጥ የጉንፋን ቫይረስ ተጨምሮ ሲታይ፣ በሌሊት ከ6 ሰዓት በታች የሚተኙት ከ7 ሰዓት በላይ ከሚተኙት ይልቅ በ4 እጥፍ ገደማ ታመዋል። ስልካችሁን ይዛችሁ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ቲክቶክ ላይ የምትቆዩ፣ ስማችሁን አልጠራም።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ጉንፋን የያዘው ሰው ትንፋሽ ካጠረው፣ ደረቱን ከወጋው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ግራ ከተጋባ፣ ወይም ተሽሎት ከነበረ በኋላ ትኩሳቱ እንደገና ከተነሳበት አራት ቀን አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ውሰዱት። ሕፃን ከሆነ የጎድን አጥንቱ ሥር እየገባ የሚተነፍስ፣ ጡት እምቢ ያለ፣ የማይነቃ ከሆነ በሌሊትም ቢሆን። ከመድኃኒት ቤት አሞክሲሲሊን ገዝታችሁ አትሞክሩ፤ ቫይረስ ላይ አይሠራም፣ ጊዜም ይበላባችኋል።

ዜናውን የላክልኝ ወንድሜ፣ መልስህ ይኸው። አንተ ግን በሚቀጥለው መልእክትህ አንድ ነገር ንገረኝ፦ እናትህ በምንድን ነው የሚጋግሩት?